ደረቅ ዓይን ያለቅሳል

ሰው የሚያከብርልኝ ነገር ቢዘረዘር አብዛኛው እኔ ውስጥ የሌለ ነው። ከሁሉ የከፋው ግን እንባዬ ነው። «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» የሚለውን ተረት እኔ ገልብጬዋለሁ፤ አንጀቴ ሰላም ውሎ ሰላም ያድራል፣ እንባዬ ግን አይገድም። ግራ ዓይኔ ይጀምራል፣ ቀኙ አያስቀይመውም፣ ይከተለዋል። ሻይ ስጠጣ ይወርዳል፣ ደረሰኝ ስቆጥር ይወርዳል፣ ሰው ሳማ ይወርዳል። ሃምሳን ተሻግሬም አንድ ቀን «ኧረ ይሄ ሐዘን አይደለም፣ ዓይኔን አሞኝ ነው» ብዬ ሰው አላረምኩም።

የምኖረው ኮበር፣ ቱቅባ ነው። ከታች የፓኪስታኖች ጋራዥ፣ ከጎን የየመኖች መንዲ ቤት፣ ከላይ እኛ። ሥራዬ ዳማም፣ ሁለተኛው የኢንዱስትሪ ከተማ ውስጥ ባለ የመኪና መለዋወጫ መጋዘን ነው። ዕቃ ሲገባ ኮምፒውተር ላይ እመዘግባለሁ፣ ሲወጣ እቀንሳለሁ። ከወንበሬ በላይ ኤሲ አለ፤ ቀጥታ ግንባሬ ላይ ይነፋል። ቦታውን የመረጥኩት እኔው ነኝ። እዚያ ወንበር ላይ ለመቀመጥ ከአንድ የኬረላ ሰው ጋር ምን ያህል እንደተናቆርኩ እኔና እሱ እናውቃለን። በመጨረሻ ዕድሜዬን መዝዤ አሸነፍኩት። ይህን ድል ያዙልኝ፤ ኋላ ላይ ሐኪሙ ይጠይቀኛል።

ትልቁ ወንጀሌ የተሠራው በረመዷን ነው። ሰፈራችን ያለው መስጂድ ትንሽ ነው፣ ኤሲው ግን የትልቅ መስጂድ ነው። ተራዊሕ ላይ የቆምኩበት ሰፍ ከንፋሱ ትይዩ ነበር። ኢማሙ ድምፀ መረዋ ናቸው፤ እሳቸው መቅራት ሲጀምሩ ዓይኔም ጀመረ። መጀመሪያ በእጄ ጀርባ ጠረግኩት፣ ቀጥሎ በሻሌ ጫፍ። አራት ረከዓ ተሰግዶ አረፍ ስንል ከሰፉ ዳር የተቀመጠ አንድ ሱዳናዊ አየኝና የሶፍቱን ካርቶን ምንጣፉ ላይ ወደ እኔ አቅጣጫ ገፋው። ካርቶኑ ከባንግላዴሹ ወደ ፓኪስታኑ፣ ከፓኪስታኑ ወደ አንድ ሽማግሌ ሳውዲ፣ ከእሳቸው ወደ እኔ ጉልበት ተንሸራቶ ደረሰ። አንዳቸውም ቀና ብለው አላዩኝም። የሚያለቅስን ሰው አለማየት አደብ ነው።

እዚያ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። «ዓይኔ ነው» ማለት ብዙ አረብኛ አይጠይቅም። እኔ ግን ሶፍቱን መዝዤ አንገቴን ደፋሁ፤ ትከሻዬንም ጥቂት ነቅነቅ አደረግኩት። ትከሻዬን አላመመኝም።

ሰላቱ ሲያልቅ ሱዳናዊው መጥቶ እጄን በሁለት እጁ ያዘና «አላህ ያንተን ዓይነት ልብ ይስጠን» አለኝ። የእኔ አረብኛ የገበያ አረብኛ ነው፤ ዋጋና ኪሎ ይበቃዋል። ማታ ቤት ስገባ አብሮኝ የሚኖረውን ልጅ፣ መድረሳ የቀራ ነው፣ «ዛሬ የተቀራው ስለ ምን ነበር?» አልኩት። «ሱረቱ ኒሳእ ነው ጋሼ፣ ውርስ የሚከፋፈልበት ቦታ» አለኝ። ያ ሁሉ ለቅሶ ለሲሶና ለስድስተኛ እጅ ነበር።

በማግስቱ የፊተኛው ሰፍ ላይ ቦታ ጠበቀኝ። የፊተኛው ሰፍ ደግሞ ለኤሲው የበለጠ ይቀርባል። ወሩ ሳይጋመስ «ዱዓ አድርግልን» የሚሉኝ ሰዎች በዙ፤ አንዱ ባለ ታክሲ ስለታመመች ልጁ ነገረኝ። አሚን እያልኩ ተቀበልኩ። ለይዩልኝ የተሠራ ሥራ ዋጋ እንደሌለው አገሬ ሐይቅ እያለሁ፣ ገና ልጅ ሆኜ፣ ከሸሆቹ እግር ሥር ሰምቻለሁ። የሰማሁትን ግን ሐይቅ ትቼው ነው የመጣሁት።

የሚቀጥለው ከዚህ ይብሳል። እናቴ ሐይቅ ናት። በኢሞ እናወራለን። እሷ ስልኩን ወደ አፏ አስጠግታ ስለምታወራ እኔ ጥርሷን ብቻ አያለሁ፤ እሷ ግን እኔን አጥርታ ታያለች። አንድ ጁምዓ፣ የበግ ከብሳ ጠግቤ በልቼ ጋደም ባልኩበት ደወለች። ስለ ቤቱ ጣሪያ ልትነግረኝ እንደፈለገች ከአነጋገሯ ገብቶኛል። ቆርቆሮው አርጅቷል፣ ክረምት ሲመጣ ያፈሳል። «አንተዋ፣ ያ ቆርቆሮ እኮ...» ብላ ሳትጨርስ እንባዬ ወረደ። ዝም አለች። ከዚያ «አብሽር የኔ ዓለም፣ ስደት ነው፣ ያልፋል። የቆርቆሮው ነገር ይደርሳል» አለችኝ። እኔም «እሺ እማ» አልኩ። ድምፄንም ትንሽ አወፈርኩት።

የዕቁቡን ነገር አላበዛውም። ዳኛው አንድ ስብሰባ ላይ ፊቴን አይቶ «ለጋሼ ይቅደምለት፣ ችግር ላይ ነው» አለ፤ ችግሬ ከፊቴ የተሰቀለው ደማቅ አምፖል ነበር። የሥራ አለቃዬም እንዲሁ ለዒድ ፈቃድ ሰጥቶኛል። በአጭሩ የአዞ እንባ ቢያንስ አዞው ራሱ ያመነጨዋል፤ የእኔ ያለ እኔ ፈቃድ የሚመጣ፣ በእኔ ፈቃድ የሚሸጥ ነበር።

ታዲያ ሐኪም ጋ የሄድኩት ተጸጽቼ አይደለም። በመጸጸት ሄድኩ ብል ደስ ይለኝ ነበር። የሄድኩት እንባው ሥራ ላይ ስለመጣብኝ ነው። እንባ ዓይን ላይ ሲያቀርር ፊደል ይዋኛል፤ ሦስት ስምንት ይመስላል። የፍሬን ሸራ የታዘዘለት ደንበኛ የፍሬን ዘይት ደረሰው። ማታ መኪና ስነዳ ከፊት የሚመጣው መብራት ሁሉ ጨረር ያወጣል። የዓይኔ ሥር በመጥረግ ብዛት ተልጦ ማቃጠል ጀመረ። ዝና እያለ ቆዳ መታመም የለበትም።

ሐኪም ጋ ከመሄዴ በፊት ግን ራሴ ሐኪም ሆኜ ነበር። ሐበሻ ቤት ውስጥ የማይጠፋው የቴትራሳይክሊን ቅባት ነበረኝ፤ አገር ቤት ከሄደ ሰው ጋር የመጣ፣ ጊዜው ያለፈበት። እሱን ተቀባሁ። የሻይ ከረጢት ዓይኔ ላይ አደረግኩ። ከዚያ አንድ ጎረቤት ለራሱ የታዘዘለትን ጠብታ አዋሰኝ። ሁለት ጠብታ ገባ፣ ማታውኑ ዓይኔ ነጣ። ተአምር ነው አልኩ። ስሙን እንኳ ሳላነብ ለሁለት የሥራ ባልደረቦቼ «ይሄን ግዙ» ብዬ መከርኩ፤ አንዱ ጭራሽ ሌላ በሽታ ነበረበት። ጠብታው ኮርቲዞን ነበር። ኮርቲዞን ዓይንን ወዲያው ያነጣዋል፣ ያስደስታል። ያለ ሐኪም ቁጥጥር ሲረዝም ግን የዓይንን ውስጣዊ ግፊት ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ ግፊቱ ሳያሳምም የማየት ነርቭን ይበላል። ይህ ነው ግላኮማ የሚባለው። የዓይን ሞራም ሊያመጣ ይችላል። እኔ ይህን ያወቅኩት ብዙ ጠርሙስ ካወደስኩ በኋላ ነው።

እስከዚያው በሽታዬን ራሴ መርምሬ ጨርሼ ነበር፦ የእንባ ቱቦዬ ተዘግቷል። ስልኬ ላይ ሥዕሉን አይቻለሁ። በዓይናችን የውስጥ ጥግ፣ ከላይና ከታች ቆብ ጫፍ ላይ፣ መርፌ ቀዳዳ የምታክል ነጥብ አለች። እንባ በእሷ ገብቶ በቀጭን ቦይ ወደ ትንሽ ከረጢት፣ ከከረጢቱ ወደ አፍንጫ ይወርዳል። ሰው ሲያለቅስ ንፍጡ የሚመጣው ለዚህ ነው። ቱቦው ከተደፈነ እንባው መሄጃ አጥቶ በጉንጭ ይፈሳል፤ በቀዶ ሕክምና ከከረጢቱ ወደ አፍንጫ አዲስ መንገድ ይከፈትለታል። ይህ በጣም ተስማማኝ። ቀዶ ሕክምና ክብር አለው። ሰው ይጠይቃል፣ ብርቱካን ይመጣል፣ ፋሻ ይታያል። ዘህራን ውስጥ ለዓይን ብቻ የቆመ የመንግሥት ስፔሻሊስት ሆስፒታል አለ፤ በሐሳቤ እዚያ ተኝቼ ተነሥቻለሁ። አለቃዬ ሊጠይቀኝ ሲመጣ ምን ዓይነት ፊት እንደማሳየው ሳይቀር አስቤበት ነበር።

የመድን ካርዴን ይዤ ኮበር ያለ አንድ ክሊኒክ ገባሁ። ሐኪሙ ግብፃዊ ነው፣ ወጣት፣ ችኩል ያልሆነ። «ያ ሐጅ፣ ምን ሆንክ?» አለኝ። ሐጅ አላደረግኩም። አላረምኩትም።

«ቱቦዬ ተዘግቷል» አልኩት። እሱ ግን በሽታውን እንድነግረው ሳይሆን ስሜቱን እንድነግረው ፈለገ። ይበላሃል? ጠዋት ዓይናር ይይዝሃል? ንፋስ ላይ ይብስብሃል ወይስ ቤት ውስጥ? አሸዋ የገባበት ይመስልሃል? ኮምፒውተር ላይ ስትቆይስ? ለሁሉም የሚበጀውን መልስ እየመረጥኩ፣ ማለትም ወደ ቀዶ ሕክምና የሚያደርሰውን እየመረጥኩ መለስኩ። «ምን ጠብታ ተጠቅመሃል?» ሲለኝ «ምንም» አልኩ። ቆይቶ ደገመው፤ «ምንም» አልኩ። ሦስተኛ ሲጠይቀኝ «አንዴ ብቻ» አልኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለውን ለሌላ ሰው ስናገር ራሴን ሰምቻለሁ። እሱ ምንም ሳይል የዓይኔን ግፊት ለካ። ልክ ነበር፣ አልሐምዱሊላህ፤ ልክ የሆነው ግን በእኔ ብልሃት አይደለም።

ከዚያ ምርመራው መጣ። በመጀመሪያ የታችኛውን ቆቤን በአውራ ጣቱ ወደ ታች ስቦ ለቀቀው። ወዲያው ተመለሰ። ዕድሜ ሲገፋ ቆብ ይላላል፤ ከዓይን ይርቃል፣ ያቺ ነጥብ ቀዳዳም ወደ ውጭ ትዞራለች፣ ቱቦው ክፍት ሆኖ ሳለ እንባው በሩን ያጣል። እንዲህ ሲሆን ቆቡን ወደ ጎን የሚያጠብቅ ቀዶ ሕክምና አለ። «ትንሽ ላላ አላለም?» አልኩት በተስፋ። «አላለም» አለኝ። ቀዳዳዋ ራሷ ጠብባ እንደሆነም አየ፤ አልጠበበችም። ፊት የተጣመመ ሰው ላይም እንባ ይፈሳል፤ እንባን ወደ ቀዳዳው የሚገፋው ቆብ ሲከደንና ሲገለጥ የሚሠራው ጡንቻ ነውና፣ ነርቩ ሲደክም ያ ግፊት ይቀራል። እኔን ዓይኔን አስጨፍኖ፣ ፈገግ አስብሎ፣ ጉንጬን አስነፍቶ አየኝ። ፊቴ ጤነኛ ነው። ብዙ ድራማ የተሠራበት ፊት ነው፣ ለምዷል።

ቀጥሎ ጫፏ ብርቱካናማ የሆነች ቀጭን ወረቀት የታችኛውን ቆቤን አስነካት። ፍሎረሲን ይሉታል፤ በሰማያዊ መብራት ሲያዩት አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። አምስት ደቂቃ ጠብቅ አለኝ። ቱቦው የሚስብ ከሆነ አረንጓዴው ከዓይን ይጠፋል፣ ካልሳበ እዚያው ይቀራል። እኔ እንዲቀር ዱዓ አደረግኩ። በመስታወት ስንመለከት ከሞላ ጎደል ሄዷል። «አፍንጫህን ተናፈጥ» አለኝ፤ ሶፍቱ ላይ ቢጫ አረንጓዴ ወጣ። ሐኪሙ ሶፍቱን ፊቴ ላይ ዘረጋልኝ። እኔ ግን ባለ ማስረጃን ማመን አልወድም።

«በመርፌ ይታይልኝ» አልኩ። እሺ አለ። የሚያደነዝዝ ጠብታ አደረገ፣ ጫፏ ዱልዱም የሆነች ቀጭን መርፌ በቀዳዳዋ አስገብቶ የጨው ውሃ ቀስ አድርጎ ገፋ። ቱቦው ተዘግቶ ቢሆን ውሃው ተመልሶ ዓይኔ ላይ ይፈስ ነበር። እኔ ግን ጉሮሮዬ ውስጥ ጨው ጨው አለኝ።

«ምን ቀመስክ?»

ለአፍታ መዋሸት ዳድቶኝ ነበር። «ጨው» አልኩ። «ግን ብዙ አይደለም።»

«እንግዲያው ክፍት ነው።» ሌላኛውንም ዓይን ሠራው፤ ሌላኛውም ጨው ነበር። ሰው ቱቦው ክፍት መሆኑን ሲሰማ እንዲህ የሚያዝን አይቶ እንደማያውቅ ከፊቱ ገባኝ። የሚገርመው፣ በእውነት ባዘንኩባት በዚያች ሰዓት ዓይኔ ደርቆ ነበር፤ ደንዝዟል።

ሐኪሙ እንደገና ወደ መብራቱ አስጠጋኝና «አታርገብግብ» አለኝ። ዓይን ላይ የተዘረጋችው የእንባ ሽፋን ስንት ሰከንድ ሳትሰነጠቅ እንደምትቆይ እየቆጠረ ነው። ከአስር ሰከንድ በታች ከሆነ ደግ አይደለም። የእኔ ግማሹንም አልሞላችም። ከዚያ የቆቤን ጠርዝ፣ ከሽፋሽፍቱ ሥር፣ በጣቱ ጫን አለው። እዚያ ላይ በተርታ የተደረደሩ ዘይት አመንጪ ዕጢዎች አሉ፤ ጀርመናዊው ሐኪም ሃይንሪክ ማይቦም በ1666 ጽፎባቸው በስሙ ይጠራሉ። ዘይታቸው እንደ ተነጠረ ቅቤ ኩልል ብሎ መውጣት ነበረበት። የእኔ እንደ ረጋ ቅቤ ነጭ ሆኖ በግድ ብቅ አለና ቆመ። በመስታወት አሳየኝ። በሕይወቴ ከተሸሸገው ቆሻሻዬ ሁሉ በዓይኔ ያየሁት ያንን ብቻ ነው።

«ዓይንህ ደርቋል» አለኝ።

እንዴት አድርጌ እንደሳቅኩ! ቀን ተሌት የሚያነባ ዓይን ደርቋል ይላል። እሱ ግን ለመደው መሰለኝ፣ ወንበሩን ስቦ አስረዳኝ። እንባ ውሃ ብቻ አይደለም። ከላይ ዘይት አለው፣ ውሃው እንዳይተን የሚከድነው። ዘይቱ ሲረጋ ክዳኑ ይጎድላል፣ ውሃው ይተንናል፣ የብሌኑ ፊት ይደርቃል፣ ይቃጠላል። ያን ጊዜ ነርቭ ለትልቁ የእንባ ዕጢ «እሳት ተነሥቷል» ብሎ ይጮኻል፤ ዕጢው በአንድ ጊዜ ያጎርፋል። ጎርፉ ውሃ ብቻ ነው፣ ዘይት የለውም፣ ዓይን ላይ አይቆይም። ቱቦው ክፍት ቢሆንም ያንን ሁሉ በአንዴ ማውረድ አይችልም፣ ስለዚህ በጉንጭ ይሄዳል። ከጎርፉ በኋላ ዓይኑ መልሶ ይደርቃል፣ ነርቩ መልሶ ይጮኻል።

እኔ ግን እውቀት አለኝ። የማልሰጠው ምክር፣ የማላነበው ነገር የለም። «ያ ዶክቶር» አልኩት፣ «ሐምሌ 8 ቀን 2003 እ.ኤ.አ. እዚሁ ዘህራን የአየሩ ጤዛ ነጥብ 35 ዲግሪ ተመዝግቧል፤ በዓለም ከተመዘገቡት ሁሉ ከፍተኛው ነው። በበጋ ከቤት ስንወጣ መነጽራችን በጤዛ ይሸፈናል። በዚህ እርጥበት ዓይን ይደርቃል?» ቆንጆ ክርክር ነበር፤ አሁንም ቢሆን ቆንጆ ነው። ሐኪሙ አዳመጠኝና «አንተ ውጭ ነው የምትኖረው?» አለኝ። ከዚያ የት እንደምቀመጥ ጠየቀኝ። ኤሲው ከየት በኩል እንደሚነፋ ጠየቀኝ። ስክሪን ላይ ስንት ሰዓት እንደምቆይ ጠየቀኝ፤ ሰው ስክሪን ላይ ሲያፈጥ ማርገብገቡን በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ይቀንሳል፣ ዘይቱ የሚጨመቀውም በማርገብገብ ነው። መስጂድ የት ነው የምትቆመው አላለኝም። እኔም አላነሳሁትም። በልቤ ግን ኢማሙን፣ ሱዳናዊውን፣ የሶፍቱን ካርቶን አየሁ፤ የኬረላውንም ሰው አየሁት።

«ቀዶ ሕክምናስ?» አልኩ፣ ተስፋ አልቆርጥም። ቱቦው ክፍት ለሆነ ሰው ያ ቀዶ ሕክምና አልፎ አልፎ ይሠራል አለኝ፤ ሌላው ምክንያት ሁሉ ተጣርቶ፣ እንባው በቱቦው ውስጥ እያዘገመ መሆኑ ሲረጋገጥ። ውጤቱም ለተዘጋ ቱቦ ከሚሠራው ያነሰ ነው። ለአንተ አይደለም። ለአንተ ፎጣ ነው።

ፎጣ! በሞቀ ውሃ የተነከረ ፎጣ፣ ጠዋትና ማታ፣ ከአምስት እስከ አስር ደቂቃ። ሲቀዘቅዝ እንደገና ማሞቅ። ከዚያ ቆብን በጣት ወደ ሽፋሽፍቱ አቅጣጫ ቀስ አድርጎ ማሸት፣ ጠርዙን ማጽዳት። መከላከያ ኬሚካል የሌለበት ሰው ሠራሽ እንባ በቀን ደጋግሞ ማድረግ። ኤሲውን ከፊት ማዞር፣ ስክሪኑን ዝቅ ማድረግ፣ ማርገብገብ። ይህንንም ለሳምንታት፣ ለወራት። ሲሻልህም አትተው አለኝ። የማለቅስ ሰው እንባ ግዛ ተባልኩ፤ ገዛሁም፣ ዋጋውም ቀላል አይደለም።

ለእናቴ በዚያ ሰሞን ሐኪም ጋ መሄዴን ብቻ ነገርኳት። ወዲያው «ፀጉር ገብቶብህ እንዳይሆን!» አለች። አያቴን አስባ ነው። አያቴ አንገቷ ላይ በክር የታሠረች ወረንጦ ነበረቻት። ከሰዓት በኋላ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ፊት ትቀመጥና የላይኛውን ቆቧን ገልብጣ፣ ወደ ውስጥ የታጠፈውን ሽፋሽፍት በእጇ እየዳሰሰች አንድ በአንድ ትነቅል ነበር። እኔ ወረንጦዋን መስረቅ እወድ ነበር። የእሷ ቱቦም ክፍት ሳይሆን አይቀርም፣ ግን ትራኮማ ነበር፤ ክላሚድያ የሚባል ባክቴሪያ በልጅነት ደጋግሞ ይይዛል፣ ቆቡን ከውስጥ ጠባሳ ያስይዘዋል፣ ጠባሳው ሽፋሽፍቱን ወደ ብሌን ያዞረዋል። እያንዳንዱ ማርገብገብ ብሌን ይፍቃል። የአማራ ክልል ዛሬም በዓለም ትራኮማ እጅግ ከበረታባቸው ቦታዎች አንዱ ነው፤ ለዚህ ነው በየቀበሌው የአዚትሮማይሲን ክኒን የሚታደለው፣ በየጤና ጣቢያው የቆብ ቀዶ ሕክምና የሚሠራው፣ ልጆች ፊታቸውን ታጠቡ የሚባሉት። እኔ የምኖርበት ምሥራቃዊ ግዛትም ሌላ አልነበረም። በ1950ዎቹ አጋማሽ አራምኮ ለሃርቫርድ ገንዘብ ሰጥቶ የትራኮማ ጥናት የተካሄደው እዚሁ፣ በዚህ ግዛት መንደሮች ነው፤ በሽታው ያኔ እዚህ ያላገኘው ቤት ጥቂት ነበር። ሳውዲ ከበሽታው ነፃ መሆኗን የዓለም ጤና ድርጅት ያረጋገጠላት በ2022 ነው።

አያቴን «አላህን ፈርታ የምታለቅስ» ያላት ሰው አልሰማሁም። ታማ እንደነበር ሁሉም ያውቅ ነበር፤ እሷም ለማንም ሌላ ነገር አላለችም። ይህን ሳስብ ለጥቂት ቀን ፎጣውን በትክክል ያዝኩ።

ለጥቂት ቀን ነው። የመጀመሪያው ሳምንት አማረልኝ። ፎጣ ገዛሁ፣ የሙቀት መለኪያ ገዛሁ፣ ውሃው 40 ዲግሪ ገደማ መሆኑን እያረጋገጥኩ ለቤቱ ልጅ ስለ ማይቦም ትምህርት ሰጠሁት። ሁለተኛው ሳምንት ማታ ማታ ብቻ ሆነ። ከዚያ ፎጣው ፊት መጥረጊያ ሆነ። መለኪያው ለሻይ ዋለ። ቀዶ ሕክምና ቢሆን እኔ ተኝቼ ሌላ ሰው ይሠራው ነበር፤ የዚህ ሕክምና ጉድ ግን ሐኪሙም እኔ፣ አስታማሚውም እኔ መሆኔ ነው፣ ሁለቱም ደግሞ ሰነፎች ናቸው። ኤሲውን አዞርኩት፤ የኬረላው ሰው ግንባር ላይ አረፈ። ይቅርታ ሊጠየቅበት የሚገባ ሌላ ነገር ነው።

ቀጠሮ ስሄድ «ፎጣው እንዴት ነው?» አለኝ። «ጠዋትና ማታ» አልኩ ሳላመነታ። ምንም አልመለሰልኝም፤ ቆቤን ጫን አለው። ያው የረጋው ነገር በግድ ብቅ አለ። ሐኪሙ ቆቤን አይቶ ፊቴን አይቶ «ጠዋትና ማታ» ብሎ ደገመልኝ፣ በእርጋታ። ከዚያ ያንኑ ወረቀት ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደገና ጻፈልኝ።

አሁን፣ ወላሂ፣ ቢያንስ ማታ ማታ እይዘዋለሁ፤ እንባውም ቀንሷል። ረመዷን እየቀረበ ነው። ከማናፈሻው ራቅ ያለ ቦታ ከኋላ አግኝቻለሁ። ሱዳናዊው ባለፈው አግኝቶኝ ፊቴን አየና «ምነው ወንድሜ፣ ኢማንህ ቀዘቀዘ?» አለኝ። «ኤሲው ነበር» ለማለት አፌን ከፈትኩ። «ዱዓ አድርግልኝ» ብዬ ዘጋሁት።

እናቴን ግን አልቻልኩም። የጣሪያው ነገር አላስተኛ ስላለኝ አንድ ጁምዓ ራሴ ደወልኩላት። ሁሉንም ነገርኳት፦ ሐዘን እንዳልነበረብኝ፣ ዓይኔ ደርቆ እንደሚያነባ፣ ቱቦዬ ክፍት መሆኑን፣ የዚያን ቀን ከብሳ መብላቴን ሳይቀር። ከቻልኩትም በላይ ግልጽ አደረግኩት። ስጨርስ ረጅም ዝምታ ሆነ።

«ደርቆ ያለቅሳል?» አለች።

«አዎ እማ።»

«አንተዋ፣ ይሄን ለልጅ ንገር።» ድምፇ ተሰበረ። «እኔ እንዳላስብ ብለህ ነው። ከልጅነትህም ጀምሮ የራስህን ሐዘን ደባቂ ነህ።»

ምን ብል፣ ምን ብምል አላመነችኝም። የቆርቆሮውን ገንዘብ ብልክም «ከአፉ ቀምቶ ነው የላከው» ብላ ለጎረቤት አወራች። ከዚያ ወዲህ ለእኔ ሐዘን በየሳምንቱ ዱዓ ታስደርጋለች፤ ሰፈሩ ሁሉ ይሰበሰባል። የቡናውን፣ የጫቱንና የስኳሩን የምልከው እኔ ነኝ።